የሁዳዴው ሽሮፕ

ደብረ ማርቆስ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ግድም አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ስም አልነበራትም፤ ሰው «ታየች ቤት» ይላታል። ባለቤቷን ወይዘሮ ታየችን ሰሌዳ ስቀይ ብለው የመከሯት ነበሩ። «ዝንብ ያርፍበታል» ብላ ተወችው።

ታየች እንዲህ ነች፤ ትጸየፋለች። ከሰው መካከል አንድ ሁለት የሚጸየፈው ነገር የሌለው የለም፤ እሷ ግን መጸየፍን እንደ ሙያ ነው የያዘችው። ብርጭቆ በአመድ ታሻለች፣ በፈላ ውሃ ታጥባለች፣ ከዚያም አፍንጫዋ ሥር ይዛ ዓይኗን ጨፍና ታሸተዋለች። ዝንብ የገባበትን ሻይ ከደፋች በኋላ ብርጭቆው ለቀናት ፀሐይ ላይ ተዘቅዝቆ ይቀጣል። የሚያስነጥስ ሰው ከበር ሲገባ ዳቦው ላይ ጨርቅ የሚወድቅበት ፍጥነት ዓይን አያየውም። ሲበላ ከንፈሩን የሚያጮኽ እንግዳ ከመጣ ወደ ጓሮ ወጥታ እስኪጨርስ ትቆማለች።

«ምን ላድርግ ወንድሜ» ትላለች ሲስቁባት። «እግዜር ለሌላው ዓይን ሲያድል ለኔ አፍንጫ ደረበብኝ።»

አመሉ ከየት እንደመጣ ግን ለጠየቃት አትደብቅም። ደግሞ ስትተርክ ትችልበታለች፤ ሰሚውን እስኪያቅለሸልሸው ድረስ አትተውም።

የመጣው ከሰርጓ ነው። ሮብ ገበያ አጠገብ፣ ጮቄ ተራራ ሥር ተወልዳ፣ ገና በልጅነቷ ወደ አማኑኤል ከተማ ተዳረች። አማቷ ክፉ ሴት አልነበሩም፤ እንዲያውም ነገሩን ያመጣው ደግነታቸው ነው። ለልጄ ሚስት አናት ብለው ከአምናው ፋሲካ ጀምረው አንድ ቅል ቅቤ አኑረው ነበር። ገበያ ላይ ቅቤ ለጋ ይባላል፣ መካከለኛ ይባላል፣ በሳል ይባላል። ይኼኛው በሳልንም አልፎ ስም ወዳልወጣለት አገር ሄዷል። ሙሽራዋን እሳት አጠገብ አስቀምጠው፣ ሴቶቹ እልል እያሉ፣ ያንን ጉድ አናቷ ላይ ጎለቱት። ቀለጠ። በግንባሯ ወረደ፣ ቅንድቧን ዞረ፣ ከንፈሯ ላይ ደረሰ።

«ምን ምን አለሽ?» ይላል ሰሚው።

«የጥጃ ትውከት። እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ተቋጥሮ የከረመ የጥጃ ትውከት።»

ታየች አማቷ አዲስ ቀሚስ ላይ አስመለሰች። በሰርግ ቤት ሙሽራ ስታስመልስ ሰው ምን ይላል? «ይዛ ነው የመጣችው» አለ። ሆዷ ባዶ መሆኑ ውሎ አድሮ ታወቀ፤ ወሬው ግን እሷ ሳትገፋ እሱ ገፍቶ ነበር። ባልየውም ወሬውን እንጂ እሷን አላመነም። ትዳሩ በዚያው ፈረሰ። አባቷ ቤት ተመልሳ የጎረቤት ዓይን ሲያንገፈግፋት ጓዟን ጠቅልላ ደብረ ማርቆስ ገባች።

ከዚያ በኋላ ስሟን ያነሳላት ያው አፍንጫዋ ነው። ሁዳዴ ሲገባ የፍስኩን ዕቃ ሁሉ ከኋላ ክፍል ትቆልፍበታለች፤ የጾሙ ድስት፣ የጾሙ ማማሰያ፣ የጾሙ ብርጭቆ ለብቻው ይወጣል። ስለ ርስታቸው ሊሟገቱ ከገጠር የሚመጡ ባለጉዳዮች፣ ካህናቱ፣ ደብተራዎቹ፣ በሌላ ቤት ውሃ እንኳ የማይቀምሱት ሁሉ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እሷ ቤት ይሰበሰባሉ። የንስሐ አባቷ አባ ወልደ ሚካኤል «የታየች ድስት ከኔ ይበልጥ ይጾማል» ብለው የተናገሩት በከተማው ዞሯል። ይህን ቃል ስትሰማ ታየች ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። በሰርጓ «ይዛ መጣች» የተባለችው ሴት፣ አሁን ካህን እጁን ዘርግቶ ከእጇ የሚቀበላት ሆናለች። ሌላ ሀብት የላትም፤ ያላት ይህ እምነት ነው።

ታዲያ በስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ግድም፣ ቅበላ ሳምንት ላይ፣ እህቷ ወለላ ከሮብ ገበያ ልትጠይቃት መጣች። ባዶ እጇን አልመጣችም። አንድ ቅል ቅቤ ይዛለች።

«ለአንቺ ብዬ ከመስቀል ጀምሬ ያኖርኩት ነው እህቴ፣ እሰይ በይ!» አለች ወለላ።

ታየች ክዳኑ ሳይነሳ ሸትቷታል። የእህት ስጦታ አይመለስምና በሁለት ጣቷ ማንጠልጠያውን ይዛ ከኋላ ክፍል ጥግ አኖረችው። ወለላ እስክትሄድ ድረስ እንደምንም ቻለች። እህቷን የጫነው አውቶቡስ ከዓይኗ ሲሰወር ወደ ጓሮ ሮጣ ተፋች።

በጓሮዋ አንዲት ክፍል የተከራየ ወጣት ነበር፤ እንዳላማው ይባላል። ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት የተላከ የኬሚስትሪ መምህር ነው። ታየች ትወደዋለች፤ ሳይነግሩት እጁን ይታጠባል። የጾም መያዣው ዋዜማ እሑድ ዕለት ቅሉን በዱላ ጫፍ አንጠልጥላ ስታወጣ አያት።

«እትዬ፣ ምንድን ነው እሱ? እባብ ነው እንዴ?»

«እባብስ ይገደላል። የእህቴ ቅቤ ነው።»

ክዳኑን ገለጥ አድርጎ አሸተተና፣ ፊቱን ከማጨማደድ ይልቅ ዓይኑ በራ። «ለኔ ይስጡኝ!»

«ለምንህ? ልትበላው?»

«ኧረ እኔስ አልበላውም።»

«ውሰደው። ከነቅሉ ውሰደው። ውሻ እንኳ የማያገኘው ቦታ ወስደህ ጣልልኝ፤ የነገ ጾም ሳይገባ ከግቢዬ ይውጣ።»

«እሺ እትዬ» አለ። እሷ እሺ ስትሰማ ጣለው ብላ ተገላገለች። እሱ ግን የትምህርት ቤቱን ጎተራ የመሰለች ላቦራቶሪ ነበር የሚያስበው። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ራሷ ከምታወጣው አረቄ የመጀመሪያውን ጠብታ፣ ሲለኩሱት የሚነደውን፣ አንድ ጠርሙስ ለምኗት ሰጥታዋለች። «ለትምህርት ነው» ብሏት ነበር። እንግዲህ ከታየች ቤት ሁለት ነገር ወጥቷል፤ እሷ ግን ለትምህርት የወጣው አንዱ ብቻ ይመስላታል።

ላቦራቶሪው ውስጥ የሆነውን ተማሪዎቹ ኋላ ሲያወሩት አፍንጫቸውን ይዘው ነው። መምህሩ የፍራፍሬ ሽታ እንሠራለን ብሎ ሰብስቧቸው ነበር። ቅቤው በመጀመሪያ ከአመድ ውሃ ጋር ፈላ፣ ሳሙና መሰለ፤ እስከዚያ ድረስ ምንም አይደል። ከዚያ ከብልቃጥ አሲድ አንጠባጠበበት።

ትውከት ነው። የአንድ ሰው ትውከት አይደለም፣ የአንድ ማኅበር ትውከት። ከፊት የተቀመጠው ልጅ ጋቢውን አፉ ላይ ጠቅልሎ በመስኮት ዘለለ። ሌላው ለመዝለል ሳይደርስ እዚያው ወንበሩ ሥር አስመለሰ፤ ያንን ያየ ሦስተኛው ተከተለው፤ አሁን የእውነቱና የመምህሩ ተቀላቅሎ ማን የማን እንደሆነ ጠፋ። ዳይሬክተሩ በመሐረብ አፍነው መጡና፣ «መምህር፣ ይኼን ነገር ከሽንት ቤቱ ኋላ ወስደህ አስተምር!» አሉ። ወሰደው። ሽንት ቤት ይጠቀሙ የነበሩ ሰዎች ሸትቶናል ብለው ወጡ።

እንዳላማው ግን አልተሸነፈም። የዚያን ክርፋት ፈሳሽ እንደ አረቄ አንጥሮ ጥቂት አገኘ። ከታየች አረቄ ጨመረበት፣ ከሰልፈሪክ አሲድ ጠብ አደረገበት፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ቆየ።

«አሲድና አልኮል ሲገናኙ» አላቸው ራቅ ብለው ለቆሙት ልጆች፣ «ሁለቱንም የማይመስል ልጅ ይወልዳሉ። ኤስተር ይባላል። ኑ፣ አሽትቱ።»

ማን ይምጣ? በመጨረሻ አንድ ደፋር አንገቱን እንደ ኤሊ አስረዝሞ ቀረበ።

«ከረሜላ!» ብሎ ጮኸ።

ሁሉም ተንጋጋ። እውነትም ከረሜላ ነው። አናናስ ነው አላቸው መምህሩ፤ አናናስን በቆርቆሮ ላይ ከተሳለው ሥዕል በቀር አይተውት አያውቁምና አመኑት።

የዚያን ዕለት ማታ ሲገባ ታየች በሩ ላይ አስቆመችው።

«ቁም! አትግባ! አስመልሰሃል አንተ?»

«ኧረ እትዬ፣ የላቦራቶሪ ነው።»

«አረቄዬን ለትምህርት ብለህ ወስደህ ጠጥተህ አስመለስክበት! የተማረ ሰው! ሸሚዝህን እዚያው አውልቅ።»

ሸሚዙን ጓሮ ውስጥ አወለቀ። በዱላ አንስታ ከግቢ አስወጣችው። እሱም እየሳቀ፣ ነገሩን ያስረሳልኛል ያለውን ጣቱ የምታክል ብልቃጥ ከኪሱ አወጣ።

«እስቲ ይኼን ያሽቱ።»

ታየች ከሩቅ ጀመረች፤ ቀረበች፤ ብልቃጡ አፍንጫዋ ሥር ደረሰ። ዓይኗን ጨፈነች። እንዲህ ያለ ነገር አፍንጫዋ ገብቶ አያውቅም ነበር። ጣፋጭ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ከመሬት የወጣ አይመስልም። ከሰርጓ ዕለት ጀምሮ የሽታ ዘበኛ ሆና የኖረችው ሴት በዚያች ደቂቃ በሩን ከፍታ ተቀመጠች።

«ከምን ሠራኸው?»

«ከሰጡኝ ነገር ነዋ» አለ ፈገግ ብሎ። «ፈረንጅ ከረሜላው ውስጥ የሚጨምረው ይኼንን ነው።»

ከሰጠሁት? አረቄዬ ነዋ፣ አለች በልቧ። አረቄ ደግሞ የጾም ነው። ብልቃጡን ተቀብላ ጡቷ ሥር ሸጎጠችው። እሱ ስለ ቅሉ ሳይነግራት ቀረ፤ የሽታውን ደስታ አላበላሽባትም ብሎ ነው፣ ኋላም እንዲሁ ነው የሚለው። ለማሽተት እንጂ ለመጠጣት አይደለም ማለትንም ረሳ። ማን ይጠጣዋል ብሎ?

ታየች ስኳር አፍልታ፣ ሎሚ ጨምቃ፣ ከብልቃጡ አንድ ጠብታ ጣል አደረገች። ቀዝቃዛ ውሃ ስትቀላቅልበት ቤቱ ሁሉ ታጠነ። የመጀመሪያውን ብርጭቆ የሰጠችው ለአባ ወልደ ሚካኤል ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከቅዳሴ ወጥተው፣ ከንፈራቸው ደርቆ።

«ምንድን ነው ልጄ?»

«ሽሮፕ ነው አባ። የጾም ነው።»

ጠጡ። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስተው አዩት። «ገነት ውስጥ ምንጭ አለ ሲባል እንዲያው ውሃ ብቻ ይመስለኝ ነበር» አሉና ደገሙ።

ከዚያ ወዲያ የሱፍና የተልባው ውሃ ተረሳ። ደብተራዎቹ «ያንን ገነት አምጪው» ይላሉ። ከአማኑኤል ወገን ለርስት ሙግት የመጣ ባዘዘው የሚባል ባላገር ነበር፤ ጉዳዩ በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ ስለሚጨመርበት የታየች ቤት ወንበር ሆኖ ቀርቷል። እሱ «በሙግቴ ብሸነፍም እንኳ ይኼንን ጠጥቼ አገሬ እገባለሁ» ይል ጀመር። ታየች ለደብረ ዘይት ሰሞን እንዲበቃት አንድ ትልቅ ጠርሙስ ሽሮፕ አዘጋጅታ ምድጃው አጠገብ መደርደሪያ ላይ አኖረችው፤ ከብልቃጡ የተረፈውንም እዚያው ደፋችበት።

የመጋቢት ፀሐይ ቆርቆሮውን ያግለዋል፣ ምድጃው ከሥር ያሞቀዋል። ጠርሙሱም እዚያው ሰነበተ።

አንድ ቀን ከቀትር በፊት ታየች ድስት ስታነሳ ቀጥ ብላ ቆመች። የሆነ ነገር። ቀጭን ነው፣ እንደ ክር። አፍንጫዋን አዙራ አዙራ ፈለገችው። ጠፋ፤ ተመለሰ። ድስቱን አሸተተች። ማማሰያውን አሸተተች። የጾም ዕቃዋን ሁሉ ጓሮ አውጥታ በአመድና በአሸዋ ፈተገችው፣ መልሳ አስገባችው። አሁንም አለ። ጀርባዋን ላብ አጠመቀው። ይህንን ሽታ ታውቀዋለች፤ አፏ ግን ስሙን ሊጠራ ፈራ።

ጥግ ላይ ባዘዘው ተቀምጧል። ቀረበችውና ጎንበስ ብላ ትከሻውን አሸተተች።

«ምነው ታየች?» አለ ደንግጦ።

«ጋቢህን ቅቤ ነክቶታል?»

«ቅቤ? በሁዳዴ? እመቤቴን! ከቅበላ ወዲህ ቅቤ የሚባል ነገር በዓይኔም አላየሁ!»

«እንግዲያው አናትህ ነው። የከረመ ቅቤ ይሸተኛል። ውጣልኝ፣ እዚያ ደጅ ተቀመጥ።»

«ሰው ፊት ጾም ገዳፊ ልታደርጊኝ ነው?» ባዘዘው ተነሣ፣ ጋቢውን እንደ ክስ ማስረጃ ዘረጋው። «አሽቺ! እናንተም አሽትቱ! ይኼ የአፈር ሽታ ነው፣ የላብ ሽታ ነው፣ የድህነት ሽታ ነው፤ ቅቤ ግን አይደለም!» ብሎ በቁጣ ወጣ።

እሱ ወጣ፤ ሽታው ቀረ።

ታየች እጇን ወደ መደርደሪያው ዘረጋች። የጠርሙሱን ቡሽ ነቀለች። በላይ አናናሱ መጣ። ከአናናሱ ሥር፣ እንደ አይጥ ሬሳ ከጥሩ ምንጣፍ ሥር፣ እሱ ራሱ። የአማቷ ቅል። ጠርሙሱን ሳትጥል መሬት ላይ ቁጭ አለች።

እንዳላማው በቀትር ዕረፍት ሲመጣ እዚያው ነበረች።

«ይኼንን አሽትተው» አለችው። «ምን አለበት?»

አሸተተ። ፊቱ አመድ መሰለ። «እትዬ... ሽሮፕ አደረጉት? ሰው ጠጥቶታል? ለማሽተት እኮ ነው! አሲድ ነካክቶታል!»

«አሲዱን ተወው። ከምን ሠራኸው?»

«ከአረቄው...»

«ከአረቄውና?»

«...ከቅቤው።»

ታየች አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች፤ ብትተነፍስ ይሸታታል።

«እትዬ፣ ያድምጡኝ» አለ ጎንበስ ብሎ። «ቅቤ አይደለም። ቅቤ ነበር፤ ተለወጠ። ላም ሣር ትበላ የለም? ሣሩ ወተት ይሆናል። ወተቱን ሣር ይሉታል?»

«አልለውም። ወተት ስለሆነ አይደል የምጾመው!»

«እኮ! እንግዲያው እሱ ደግሞ አናናስ ቢሆን፣ ለምን ቅቤ ይሉታል?»

«አናናስ ከሆነ ለምን ተመልሶ ቅቤ ሸተተ?»

እንዳላማው የጠርሙሱን ቡሽ መልሶ ወተፈ። መልሱን ያውቀዋል፤ አለማወቁን የመረጠበት ጊዜ ቢኖር ያ ነው። «ይመለሳል» አለ። «ውሃና አሲድ ሲያገኝ፣ ሙቀትም ሲያገኝ፣ ቀስ እያለ ወደነበረበት ይመለሳል።»

«እንግዲያው ሆዳቸው ውስጥም ተመልሷል» አለች ታየች።

በዚያ ቃል እሱም ወደ ደጅ ሮጠ።

የዚያኑ ዕለት ነጠላዋን አጣፍታ ወደ አባ ወልደ ሚካኤል ሄደች። አባ ከደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻቸው። «ቅቤ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ እጃቸው ወደ ጢማቸው ሄደ፤ ከዚያ ወደ ጉሮሯቸው፤ ከዚያ ዘወር ብለው ተፉ። ትንሽ ቆይተው ደግመው ተፉ።

«ትናንትም ጠጥቻለሁ» አሉ ለራሳቸው። «የሰው ድርሻ ሁሉ ጠጥቻለሁ።»

«ምን ላድርግ አባ?»

አባ ወዲህ ወዲያ አዩ። «ዝም በይ ልጄ። ሳያውቅ የገደፈ በንስሐ ይታጠባል። እኔ ስለ ሁሉም እሰግዳለሁ፣ አንቺም ስገጂ። ይኼ ነገር ከወጣ ግን ቤትሽ ይዘጋል። አማኑኤል ላይ ያወራብሽን ሰው አፍ ታስታውሻለሽ አይደል? እዚህ ደግሞ ከተማ ነው፣ አፉም ብዙ ነው።»

እውነት ነው፤ ምክሩም ከፍቅር ነው፤ ትንሽ ደግሞ ከኀፍረት። ታየች እጃቸውን ስማ ተመለሰች። ጠርሙሱን ራቅ ወዳለ ገደል ወስዳ ከነሽሮፑ ሰበረችው። ብርጭቆዎቹን ቀቀለች። አለቀ፣ ዝም እላለሁ አለች።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደንበኞቿ መጡ። «ያንን ገነት አምጪው!» አሉ። አልቋል አለች። ሽሮ አቀረበች። አንዱ ደብተራ ጎርሶ፣ «እግዜር ይስጥልን፣ እንዲህ ያለ ንጹሕ ቤት!» አለና ከጥጋብ የተነሣ ግሳት መጣበት።

ታየች እስከ ጓዳው ሸተታት። ሸተተኝ ነው የምትለው፤ ሌላ ሰው አልሸተተውም። የእያንዳንዱ ሰው እስትንፋስ ሲወጣ ያ ቅል ክዳኑን ያነሳል። የሚስቀው ሰው አፍ፣ የሚመርቀው ሰው አፍ፣ ሁሉም ውስጥ የከረመው ቅቤ ተቀምጦ እሷን ያያታል። ያስቀመጠችው ደግሞ እሷ ናት። ከአማቷ በምን ተሻለች? እሳቸውስ አናት ላይ ነው የጎለቱት። «ዝም ልበል ብዬ ነበር» ትላለች። «አንጀቴ አልያዘልኝም። ዝም ካልኩ ላስመልስ ነው፤ ስለዚህ ተናገርኩ።»

በሩ ላይ ቆመች።

«ወንድሞቼ፣ ያጠጣኋችሁ ሽሮፕ ከቅቤ የተሠራ ነው። ሳላውቅ ነው። ከእህቴ የከረመ ቅቤ ነው። በሁዳዴ ቅቤ አጥጥቻችኋለሁ። ጾማችሁን አስገድፌያለሁና በድያለሁ፣ ይቅር በሉኝ።»

መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀልድ መሰላቸው። ከዚያ ፊቷን አዩ። አንዱ የያዘውን ጉርሻ መልሶ አኖረው። ያገሳው ደብተራ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ቀጥሎ እንደገና ሊያገሳ ሆነና በእጁ ያዘው፤ እጁ አልበቃውም። ሁሉም ወጥተው ከደጁ ባሕር ዛፎች ሥር ተራ ይዘው ተፉ። «የከረመ ብላለች እኮ!» ይላል አንዱ እየተናነቀው፣ «ለጋ እንኳ አይደለም!» ሌላው «ገነት አልናት!» ብሎ ራሱን ይመታል። ሲመሽ ቤቱ ባዶ ነበር። ሲነጋ በገበያ ስሟ «ቅቤ አጠጪዋ» ሆነ።

ታየች የሸክላ ድስቶቿን ሁሉ ሰበረች። ሻይ አፍልታ ራሷ ደፋችው። እንዳላማው ክፍሉን ለቅቆ ሊሄድ ጠየቃት። «የት ትሄዳለህ? እጁን የሚታጠብ ሌላ ተከራይ ከየት ላመጣ ነው?» አለችው፤ ግን ለብዙ ቀን በአጠገቡ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ነው የምታልፈው። ደጇ ላይ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚው ወደ ሌላ ሻይ ቤት ሲገባ ታያለች። እንደ አማኑኤሉ ጊዜ ጓዜን ልጠቅልል ወይ የሚለው ሐሳብ ይመጣባታል።

ሆሳዕና ሊገባ ሲል የባዘዘው ቀጠሮ ደረሰ። ከፍርድ ቤት ወጥቶ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ባዶው ቤት በር ላይ ቆመ።

«ሻይ አለ?»

ታየች ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። «ባዘዘው፣ ያን ቀን በሐሰት ስምህን...»

«ሻይ አለ ወይ ነው ያልኩት።»

አቀረበችለት። ባዘዘው ብርጭቆውን አነሳ፤ አፉ ጋ ሳይሆን አፍንጫው ጋ ወሰደው። ዓይኑን ጨፈነ። ዞር እያደረገ አሸተተ፤ በቀኝ ቀዳዳ፣ በግራ ቀዳዳ። ታየች እንደ ተከሳሽ ቆማለች።

«ያን ቀን አንቺ እኔን አሸተትሽኝ» አለ። «ዛሬ ተራው የኔ ነው።»

«አሽት። ደግመህ አሽት።»

ጠጣ። ብርጭቆውን አስቀመጠና ወደ መንገዱ ማዶ በአገጩ አመለከተ። «እዚያኛው ቤት ትናንት በላሁ። ወጡ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር አየሁና ምንድን ነው ብል፣ ዘይት ነው አለኝ። ዘይት ይሁን አይሁን የሚያውቀው እሱ ነው። አንቺ ግን ማንም ሳይጠይቅሽ ተናገርሽ። እስቲ ሽሮ አምጪ። ድስቱን ግን በፊት ላሽተተው።»

እንዲህ ተጀመረ። ባዘዘው በማግስቱ ሌላ ባለጉዳይ አስከትሎ መጣ፤ እሱም አሸተተ። በሕማማቱ ሰሞን ደብተራዎቹ እየተሽኮረመሙ ብቅ አሉ። ታየች ራሷ ብርጭቆውን ለእንግዳው አፍንጫ ታቀርብ ጀመር፤ «አሽትተህ ጠጣ» የቤቱ ሕግ ሆነ። ሳያሸት ሊጠጣ የሞከረ ሰው ብርጭቆውን ትነጥቀዋለች። አባ ወልደ ሚካኤል ከፋሲካ በኋላ መጥተው ተቀመጡ። ውሃ ብቻ ጠየቁ፤ እሱንም በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጢማቸው እስኪነከር አሸተቱትና፣ «ውሃ ነው» ብለው መሰከሩ።

ሽታው ከታየች አፍንጫ ግን አልወጣም። ዛሬም ጣፋጭ ነገር ሲሸታት ከሥሩ ምን ተኝቷል ብላ ነው የምትጀምረው። ሽቶ የተቀባ ሰው ከገባ በሩ አጠገብ ታስቀምጠዋለች። እህቷ ወለላ ስትመጣም ቅሏን አውራ መንገዱ ላይ አስፈትታ ነው የምታስገባት፤ ወለላ እስካሁን ለምን እንደሆነ አልገባትም፣ ከተማ አኮራት ትላለች።

የእንዳላማው ዓመት ሲያልቅ ክረምት ገብቶ ነበር። ጭቃውን እየዘለለች እስከ አውቶቡሱ ሸኘችው። ተሳፍሮ መስኮቱን ዝቅ አደረገና፣ ከኪሱ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ የፈረንጅ ከረሜላ አውጥቶ ዘረጋላት።

«መታሰቢያ ትሁንልኝ እትዬ።»

ታየች በሁለት ጣቷ ተቀበለችው። ወረቀቱን ገለጥ አድርጋ አፍንጫዋ ሥር ያዘችው። አናናስ ነው። ፊቷ ቀስ በቀስ ተጨማደደ፤ ወረቀቱን መልሳ ጠቀለለችውና በመስኮቱ ወደ ጭኑ ወረወረችለት።

«ይኼኛውስ» አለችው፣ «የማን እህት ቅቤ ነው?»